«ግራፊክ፣ የማስታወቂያ ፎቶ»

ቅዳሜ ለት ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ጓደኛዬ ማኪያቶዋን ሳትነካው ላፕቶፗን ከፈተችና አንዱን ኢርፎን ለኔ ሰጠችኝ። «ና ስማው የሰራኸውን» አለች። ጓደኛዬ ዓይነ ስውር ናት፣ ስድስት ኪሎ ህግ ተምራ ጨርሳ አሁን ስራ እየፈለገች ነው፣ የከፈተችው ደሞ እኔ በኮንትራት የሰራሁትን የአንድ ድርጅት ዌብሳይት ነው። እውነቱን ለመናገር እየኮራሁ ነበር ኢርፎኑን ጆሮዬ ውስጥ የከተትኩት፣ ምክንያቱም ያንን ሳይት ስሰራ አንድም ፎቶ ያለ አልት ቴክስት አልተውኩም፣ ቼክ የሚያደርገው ቱል ሁሉንም አረንጓዴ አድርጎልኝ ስክሪንሾት አንስቼ ለአለቆቹ ልኬላቸው ነበር።

አልት ቴክስት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ፎቶ ዌብሳይት ላይ ሲጫን ከጀርባው ኮዱ ውስጥ የሚጻፍ አጭር ጽሁፍ ነው። የሚያይ ሰው አያየውም፣ በስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰው ግን ፎቶው ጋ ሲደርስ የሚሰማው እሱን ነው። ኔትወርክ ደክሞ ፎቶው አልመጣ ሲልም በቦታው ብቅ የሚለው እሱ ነው፣ እና ኔትወርክ ሲደክም ምን እንደሚመስል ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እሷ የምትጠቀመው ኤንቪዲኤ (NVDA) የሚባለውን ስክሪን ሪደር ነው፣ በነጻ የሚገኝ፣ ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊያን የጀመሩት። ኪቦርዱ ላይ የእንግሊዝኛውን «G» ስትጫን ከፎቶ ወደ ፎቶ ይዘላል። ተጫነችው። «ግራፊክ፣ የማስታወቂያ ፎቶ» አለ። ደገመችው። «ግራፊክ፣ የማስታወቂያ ፎቶ»። ለሶስተኛ ጊዜ። «ግራፊክ፣ የማስታወቂያ ፎቶ»። ከዛ ዝም ብላ ወደኔ ዞረች፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ምን እላለሁ።

ሶስቱም ክፍት የስራ ቦታ ማስታወቂያዎች ናቸው። በነጭ ወረቀት የተጻፉ፣ ክብ ማህተም ያረፈባቸው፣ ትንሽ ጠመም ብለው ስካን የተደረጉ ደብዳቤዎች። «ፎቶ መሆኑንማ እሱ ራሱ ግራፊክ ብሎ ነገረኝ፣ ማስታወቂያ መሆኑንም ገጹ ላይ ተጽፏል፣ ምን ይላል ነው የምልህ» አለች። አነበብኩላት። ሁለተኛው የህግ ባለሙያ ይፈልጋል፣ 0 ዓመት የስራ ልምድ፣ ልክ ለሷ የተጻፈ ይመስላል፣ ከታች ደሞ ያቺ የታወቀች ዓረፍተ ነገር አለች፣ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የስራ ቀናት ውስጥ። ቀኑ ከሁለት ቀን በፊት አልፏል። እሷ ሳቀች፣ እኔ አልሳቅኩም።

ከዛን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኝ ነው ይሄን የምጽፈው። ስለ አልት ቴክስት ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር አብዛኛው የሚያወራው ፎቶን እንዴት እንደምትገልጹ ነው፣ ውሻ ሳር ላይ ሲሮጥ ምናምን። እኛ ጋ ግን ሳይት ላይ የሚጫነው ፎቶ ግማሹ ፎቶ አይደለም፣ ጽሁፍ ነው። ማስታወቂያ፣ የጨረታ ጥሪ፣ የስብሰባ ፖስተር፣ የሀዘን መግለጫ፣ የዋጋ ዝርዝር፣ ሁሉም ጄፔግ ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የኛ ችግር አሪፍ አድርጎ መግለጽ ሳይሆን የተጻፈውን ከፎቶው ውስጥ ማውጣት ነው።

እንዴት እንደዚህ እንደሆንን አስቤው ነበር። ድሮ እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት የራሱ ኮድ ነበረው፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ ሲከፈት ትርምስምሱ ይወጣል፣ ስለዚህ አማርኛ ሳይት ላይ ለማሳየት ቀላሉ መንገድ በፎቶ መለጠፍ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ የሚገርመው የዓለም አቀፉ የዌብ አክሰሲቢሊቲ መመሪያ (WCAG፣ ዌብሳይት ለአካል ጉዳተኞችም እንዲመች የሚያሳየው) የመጀመሪያ እትምም የወጣው በዛው ዓመት ነው፣ ለፎቶ የጽሁፍ አቻ ስጡ የሚለው ደሞ የመጀመሪያው ነጥቡ ነበር። ዛሬም ባለው እትም ቁጥሩ 1.1.1 ነው፣ ደረጃው ደሞ ዝቅተኛው፣ ማለትም ይሄን ካላሟላህ ሌላውን አታውራ ዓይነት ነገር። ከዛ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ፣ ግን ቢሮ ውስጥ አሁንም በድሮው ፎንት የሚጽፉ አሉ፣ ኮፒ ሲያደርጉት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል፣ ደሞ ማህተሙ ካልታየ ሰው አያምነንም ይላሉ፣ በዚህም በዛም ስካን ይደረጋል።

ማህተሙን አንሱት አላልኩም። ፎቶው ይቀመጥ፣ ሙሉ ጽሁፉ ግን ከስሩ በጽሁፍ ይጻፍ። አልቱ ውስጥ አይደለም፣ ገጹ ላይ። ይሄን እኔም አላውቅም ነበር፣ ሙሉውን ደብዳቤ አልት ውስጥ ልገልብጠው ስላት «እንዳታደርገው» አለችኝ። አልት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉም አንድ ላይ ተያይዞ ነው የሚመጣው፣ ርዕስ የለው፣ አንቀጽ የለው፣ ስልክ ቁጥሩን ከመሀል ፈልጎ ማውጣት ያስቸግራታል። አሁን ያደረግኩት እንደዚህ ነው፣ አልቱ «ማህተም ያለበት ዋናው ደብዳቤ፣ ሙሉ ጽሁፉ ከታች አለ» ይላል፣ ከታች ደሞ የስራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ የመጨረሻ ቀኑ በስርዓቱ ተጽፏል። የሚያይ ሰውም ስልኩ ላይ ዙም እያደረገ ከሚያነብ ተገላገለ፣ ጉግልም ያገኘዋል። አንዱን ደብዳቤ ለመጻፍ አስር ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም።

እውነተኛ ፎቶ ሲሆን ደሞ ሌላ ጨዋታ ነው። የምኒልክን ሐውልት ውሰዱ፣ እዛው ካፌው አጠገብ ስለሆነ ነው ምሳሌ ያደረግነው። ስለ አድዋ በሚያወራ ጽሁፍ ላይ ከሆነ «ዳግማዊ ምኒልክ ፈረስ ላይ፣ ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደ ላይ አንስቶ» ልል እችላለሁ። ያው ፎቶ የአንድ ክሊኒክ አድራሻ ገጽ ላይ ከሆነ ግን በሽተኛው የሚፈልገው ፈረሱን አይደለም፣ «ክሊኒኩ ያለበት ህንጻ፣ ከምኒልክ ሐውልት ፊት ለፊት» ነው የሚባለው። ሐውልቱ በ1923 እንደቆመ፣ ጣሊያን ነቅሎት ከነጻነት በኋላ እንደተመለሰ አልቱ ውስጥ መጻፍ የለበትም፣ ፎቶውን የሚያየው ሰውም እሱን አያይማ፣ ለሁሉም የሚጠቅም ከሆነ ዋናው ጽሁፍ ውስጥ ይግባ። እና «የምኒልክ ሐውልት ፎቶ» አትበሉ፣ ስክሪን ሪደሩ ግራፊክ ብሎ ጀምሯል፣ ግራፊክ ፎቶ ግራፊክ ፎቶ እያለ ያደክማል።

ከላይና ከታች ለውበት የሚደረግ ጥለት አለ አይደል፣ እያንዳንዱ የሐበሻ ሳይት ላይ ያለው። ለሱ አልቱን ባዶ ነው የምታደርጉት፣ ሁለት ጥቅስ ምልክት ውስጡ ምንም የሌለበት፣ ያኔ ስክሪን ሪደሩ ዘሎት ያልፋል። ጭራሽ አለመጻፍና ባዶ ማድረግ ግን አንድ አይደለም፣ ጭራሽ ከሌለ በተለይ ፎቶው ሊንክ ከሆነ የፋይሉን ስም ማንበብ ይጀምራል፣ አይኤምጂ አንደርስኮር ሁለት ዜሮ ምናምን እያለ። ሊንክ ወይም በተን የሆነ ምስል ላይ ደሞ የሚጻፈው መልኩ ሳይሆን ስራው ነው፣ «አጉሊ መነጽር» ሳይሆን «ፈልግ»።

125 ፊደል እንዳያልፍ የሚባለውን ነገር እኔም ለዓመታት ስደግመው ነበር፣ መመሪያው ላይ ግን እንደዛ የሚል የለም። የኛ ፊደል ደሞ አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ ያንኑ ነገር ባነሰ ፊደል እንጨርሰዋለን፣ ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ከሰለቻችሁ ረዝሟል።

አንድ የሚረሳ ነገር፣ ገጹ አማርኛ መሆኑን ኮዱ ላይ ንገሩት፣ ካልሆነ የእንግሊዝኛው ድምፅ ሊያነብ ይሞክርና ብዙ ጊዜ ፊደሉን ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ስንት የለፋችሁበት አልት ጸጥ ይላል። ኤንቪዲኤ ላይ ያለው የአማርኛ ድምፅ ሮቦት ሮቦት ይላል፣ ግን ያነባል። አራት ነጥብን በሁለት ኮሎን የምትጽፉ ደሞ (ራሴን ጨምሮ) የምልክት ሰቲንጉን ከፍ ላደረገ ሰው ኮሎን ኮሎን እያላችሁበት እንደሆነ እወቁት።

ስለ ቴሌግራም ሳወራት በጣም ነው ያሳቀችኝ። «በዓል ሲደርስ ሃምሳ ሰው ፎቶ ይልክልኛል፣ እንኳን አደረሰሽ ያለኝ ግን የለም» አለች። ያቺ አደይ አበባ ያለባት፣ በወርቃማ ቀለም የተጻፈባት ካርድ ለሷ ፎቶ ብቻ ናት። ከስሯ ሁለት ቃል ብንጽፍ ጣታችን አይቆረጥም። እኔ ራሴ ባለፈው እንቁጣጣሽ የላክኩላትን ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት፣ ካርድ ነው።

ፎቶን በራሱ የሚገልጽ ኤአይ አለኮ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አለ፣ ምንም ከሌለ ይሻላል፣ አንዳንዴም በጣም ጎበዝ ነው። ግን የቡና ስነ ስርዓት ፎቶ ላይ ሴት፣ ምግብ፣ ቤት ውስጥ ብሎ ሲያልፍ ሰምቻለሁ፣ ረከቦቱም ጭሱም ቄጤማውም የለም። ፎቶው ለምን እዛ ገጽ ላይ እንደገባ የሚያውቀው የለጠፈው ሰው ነው።

ልንለያይ ስንል እኔም እንደ ሰው ሁሉ ፌስቡኬ ላይ የለጠፍኩትን የድሮ ፒያሳ ፎቶ አነሳችብኝ፣ አካባቢው ከፈረሰ ወዲህ ሁላችንም እየለጠፍን አይደል። አልቱ ላይ «የድሮዋ ፒያሳ፣ ትዝታ» ብዬ ነበር። «ትዝታውን ተወውና ከየት ሆነህ ነው ያነሳኸው? ወደ ጊዮርጊስ ነው ወደ ማዘጋጃ?» አለችኝ። ተማሪ እያለች ያንን መንገድ በዱላዋ ስንቴ ተመላልሳበታለች፣ የትኛው ጋ አስፋልቱ እንደሚሰበር ከኔ በላይ ታውቀዋለች። ወደ ማዘጋጃ ነው አልኳት፣ በስተግራ ቆርቆሮ ጣራ ያለው ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት በረንዳ፣ ስሩ ሁለት ሱቅ፣ አንዱ ዝግ ነው። «ክፍቱ የምን ሱቅ ነው?» አለች። ስልኬን አጉልቼ አየሁት። ታፔላው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት «ወር» ይላሉ፣ ቀሪውን የመብራት ሽቦ ሸፍኖታል። ወርቅ ቤት ይሆናል አልኳት። «ይሆናልን አትጻፍ፣ ያየኸውን ጻፍ» አለች፣ እዛው ቆመን አስተካከልኩት፣ ታፔላው «ወር» ብሎ ሽቦው ጋ ይቆማል።