ወራጅ አለ የምለው ለማን ነው?

ባለፈው ሰሞን የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ሎስ አንጀለስ ሄጄ ነበር። ፌርፋክስ ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ፣ ክትፎ በልተን ስንነሳ “ጋሼ፣ ዛሬ አንተም አትነዳም፣ እኔም አልነዳም” አለችኝ። ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። ትንሽ ቆይቶ ነጭ ጃጓር መጥቶ ጥግ ያዘ። አናቱ ላይ የስሟ መነሻ ፊደላት ይበራሉ። ከፍቼ ገባሁ። ሾፌር የለም።

እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሰው ማመላለስ የጀመርኩት በ2001 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ በታክሲ፣ አሁን ሰው በስልክ በሚጠራቸው በኡበርና በሊፍት። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ መሪው ብቻውን ሲዞር ሳይ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ቀኝ እግሬ ግን የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ያዝኩት። ልጅቷ አይታኝ ሳቀች። “ለመውረድ ወራጅ አለ የምለው ለማን ነው?” ስላት ደግሞ ጭራሽ ባሰባት።

እውነቱን ልናገር፣ ዌይሞ (የሾፌር አልባው ታክሲ ድርጅት ስም ነው) በደንብ ነው የነዳው። ቢጫ መብራት አይቶ አልሮጠም። አንዲት አሮጊት ዜብራው ጫፍ ላይ ገና ሲያመነቱ ቆመላቸው። ከብዙ ሰው ይሻላል። ከእኔ ይሻላል ግን አልልም፤ የ20 ምናምን ዓመት ኩራት በአንድ ትሪፕ አይሰጥም።

ወደ ዲሲ ተመልሼ ኤርፖርት ሎት ውስጥ፣ ሹፌሮች ቆመን ተሳፋሪ የምንጠብቅበት ግቢ ውስጥ፣ ይህንን ሳወራ ጉድ ፈላ። እዚያ ተራ ስንጠብቅ የማናነሳው ነገር የለም። አንዱ “አለቀልን” ይላል። ሌላው “ዲሲን አይችላትም፣ ተወው” ይላል። ዌይሞ በማርች 2025 ነው በ2026 ዲሲ ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ ያለው። ነጮቹን ጃጓሮች መንገድ ሲያጠኑ በተደጋጋሚ አይተናቸዋል፤ መሪው ጋ ሰው ተቀምጦ ማለት ነው። የከተማዋ ሕግ ለሙከራም ቢሆን ሰው ይኑር ስለሚል፣ ሎቱ ውስጥ ያለው ማጽናኛ “ገና ነው” የምትለው ቃል ናት።

“ገና ነው”ን ግን እኔ አውቃታለሁ። በፊት የዲሲ ታክሲ ሜትር አልነበረውም። ሒሳቡ በዞን ነበር፤ ካርታው ላይ ስንት ዞን እንዳቋረጥክ ተቆጥሮ ትከፍላለህ። በ2007 ከንቲባው ፌንቲ ሜትር ይገባል ሲሉ “ገና ነው” አልን። አድማ መታን። በ2008 ሜትሩ ገባ። በ2011 መጨረሻ ደግሞ ኡበር መጣ። ጥቁር መኪና ብቻ ስለነበር ሳቅንበት፤ “ለሀብታም ነው” አልን። ሁለት ዓመት ስቄ በሦስተኛው ራሴ ገባሁበት። ሁለቱም ጊዜ ነገሩ መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም። ሜትሩ ለተሳፋሪው ጥሩ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ግን ሥራውን የምናውቀው ሰዎች የተጠየቅነው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ሙከራ ሲባል ሰው የሚመስለው የመኪናው ሙከራ ነው። መኪናው ያያል? ይቆማል? ይሄ አንዱ ጎን ነው። ሌላው ጎን እኛ ነን፤ እግረኛው፣ ፖሊሱ፣ እሳት አደጋው፣ ሹፌሩ።

በማርች 2018 አሪዞና፣ ቴምፒ ላይ የሆነውን ሹፌር ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የኡበር የሙከራ መኪና ማታ ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ምርመራው ያወጣው ነገር ነው የሚገርመው። ሴንሰሩ ሴትየዋን ከመግጨቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል። 5.6 ሰከንድ ለሹፌር ዘላለም ነው። ነገር ግን ሶፍትዌሩ አንዴ መኪና፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት እያለ ስም ሲቀያይርላት ጊዜው አለቀ። ሰው ከዜብራ ውጭ ይሻገራል ብሎ እንዲያስብ አልተሠራማ! የሠሩት ልጆች አንድ ቅዳሜ መርካቶ ቢውሉ ኖሮ ይሄ አይጠፋቸውም ነበር። እንዲጠብቅ የተቀጠረው ሰው ደግሞ ስልክ ላይ ቪዲዮ ያይ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚሠራ ነገር ፊት ሰው አስቀምጠህ “ንቁ ሆነህ ጠብቅ” ማለት ቀላል አይደለም። ባዶ ሀይዌይ ላይ ፍጥነቱን በራሱ እንዲይዝ አድርጎ ያንቀላፋ ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው አደጋ ሳን ፍራንሲስኮ ነው፣ ኦክቶበር 2023። አንዲት እግረኛን መጀመሪያ ሰው የሚነዳው መኪና መታትና ክሩዝ የሚባለው ሾፌር አልባ መኪና ፊት ጣላት። እሱም ገጭቷት ቆመ። ከዚያ ጥግ ልያዝ ብሎ ሲንቀሳቀስ ስድስት ሜትር ያህል ጎተታት። የካሊፎርኒያ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ያገደው በመኪናው ስህተት ብቻ አልነበረም። ድርጅቱ የሆነውን በሙሉ አልነገረንም ብሎ ጭምር ነው። ከአንድ ዓመት ትንሽ አልፎ የክሩዝ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ለዚያ ሥራ ገንዘብ ማውጣት አቆመ። እኛ ሎት ውስጥ ሁለት ጊዜ መከላከያ ያጋጨ ሰው ለኢንሹራንሱ ምን እንደሚል ሲጨነቅ ያድራል፤ እነሱ ግን ቪዲዮው በእጃቸው ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ሰው ያልተጎዳበቱ ነው። በዲሴምበር 2025 አንድ ቅዳሜ ሳን ፍራንሲስኮ መብራት ጠፋ። ከ100 ሺህ በላይ ደንበኛ ጨለማ ውስጥ ቀረ፤ የትራፊክ መብራቱም ጠፋ። የዌይሞ መኪናዎች መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ መንገዱም ተዘጋ። አዲስ አበባ መንዳት ለተማረ ሰው ይሄ ሳቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ትንሽ ጠጋ፣ ትንሽ በዓይን፣ ትንሽ በክላክስ፣ ታልፋለህ። ግን የቆሙት ስለማያውቁ አይደለም። የጠፋ መብራት ሲያዩ ቆም ብሎ በየተራ ማለፍን ያውቃሉ። አንዳንዴ ግን ለማረጋገጥ በርቀት የተቀመጠ ሰው ይጠይቃሉ። ያን ቀን ሁሉም በአንዴ ጠየቁ። ወረፋው ተጨናነቀ።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ለካ ረዳት አለው! ሾፌር የለውም እንጂ ረዳትስ አለው። ድሮ እኔ በተማሪነቴ የምሳፈርበት ሚኒባስ ሾፌሩ ወደኋላ ማየት ሲያቅተው ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ “ና፣ ና፣ በለው!” ይል ነበር። ይሄም ያው ነው፤ ረዳቱ ሌላ ቦታ ኮምፒውተር ፊት መቀመጡ ነው ልዩነቱ። አንድ መኪናና አንድ ረዳት ከሆነ ችግር የለም። ሺህ መኪና ሲሆንስ? ትንሹ ሙከራ የሚያሳየው መኪናው መንዳት መቻሉን ነው። ትልቁ ሙከራ የሚያሳየው ሁሉም በአንድ ቀን ሲጨንቃቸው ማን ስልክ እንደሚያነሳ ነው።

አሁን ዲሲን አስቧት። ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ በሥራ ቀን ጠዋት በአበሻ ሰዓት ከ12፡45 እስከ 3፡30 ሙሉ በሙሉ ወደ መሀል ከተማ ብቻ ይሆናል፤ ማታ ደግሞ ይገለበጣል። ይሄን መኪናው በአንድ ሌሊት ይማረዋል፣ አልጠራጠርም። እኔ እንኳ ለመልመድ አንድ ቅጣት ፈጅቶብኛል። የሚያስጨንቀኝ ያልተጻፈው ነው። የፕሬዚዳንቱ አጀብ ሊያልፍ ሲል አንዱ ፖሊስ በሞተር መጥቶ መንገድ ይዘጋል። የከተማው ነው? የፓርክ ነው? የካፒቶል ነው? ሴክሬት ሰርቪስ ነው? አንዱ በእጁ “እለፍ” ይላል፣ ሌላው “ተመለስ” ብሎ ይጮኻል። ድልድዩን ስትሻገር ደግሞ ቨርጂኒያ ነህ፣ ሕጉም ሌላ ነው። እነዚህ ሁሉ ፖሊሶች ባዶ ወንበር ላይ ሲጮኹ ማን እንደሚሰማቸው ከወዲሁ ሊነገራቸው ይገባል። እሳት አደጋም እንደዚያው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቱቦ ዘርግተው እያሉ ሾፌር አልባ መኪና እየገባባቸው ስንት ጊዜ አቤት ብለዋል።

የኛ እንጀራ ነገርስ? “አዲስ ሥራ ይመጣል” ይባላል። ይመጣል፤ መኪናውን የሚያጥብ፣ ቻርጅ ላይ የሚሰካ፣ ሲበላሽ የሚጎትት። ተሳፋሪ በሩን ሳይዘጋ ከሄደ እንኳ መኪናው የሚዘጋለት ሰው ሳያገኝ አይነቃነቅም። ለ58 ዓመት ሰው ይሄ ሥራ ይሰጠዋል ወይ፣ ስንት ይከፈለዋል የሚለውን ግን ሙከራው ሳይሰፋ መጠየቅ ነው የሚሻለው። በሜትሩ ጊዜ ሳንጠይቅ ቀርተናል።

ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት በዚህ ጉዳይ ሕዝብ በሚሰማበት ቀን ሄጄ ለመናገር ወስኛለሁ። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። በአማርኛ ጻፍኩት፣ ልጄ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰችልኝ ነው። ረዘመ ብላ ሮክ ክሪክን አወጣችው፤ መልሼ አስገባሁት። ያስቸገራት የመጨረሻው ጥያቄዬ ነው፤ “ለስንት መኪና ስንት ረዳት አላችሁ?” የሚለው። “ረዳት” ለሚለው የጻፈችው ቃል ቢሮ የሚቀመጥ ጸሐፊ ይመስላል። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ “ቦሌ! ቦሌ! አንድ ሰው!” የሚለውን ልጅ በእንግሊዝኛ ምን ብዬ እንደማስረዳት እኔም አላገኘሁትም።