ሳምፕ ስትሠሩ መብራት ሲሄድ የሚወርደውን ውሃ ለኩ

ላይ 300 ሊትር የዓሣ ገንዳ፣ ታች ካቢኔው ውስጥ ሳምፕ፤ ቦታው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። መስታወቱም፣ ሲሊከኑም፣ ቧንቧውም ያለብዙ ጣጣ አልቀውልኛል። የከሸፈው አንድ ስሌት ነው፤ እሱም ከማባዛትና ከመቀነስ አያልፍም። ባለመሥራቴ 22 ሊትር ውሃ ሳሎን ላይ ፈሰሰ፣ ከፊሉም የታች ቤት ኮርኒስ ላይ ካርታ ሳለ። ፓምፑን የሸጠልኝም ቧንቧውን የገጠመልኝም ስለ ስሌቱ ትንፍሽ አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሳምፕ ማለት ከዋናው ገንዳ ሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ውሃው በራሱ ክብደት በቧንቧ ወደ ታች ይወርዳል፣ በስፖንጅና በድንጋይ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል።

የእኔ ልኬት ይህ ነው፦ ዋናው ገንዳ 120 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትር መስታወት፤ ሳምፑ 80 በ35 በ40፣ ባለ 6 ሚሊ። ውሃው፣ መስታወቱ፣ ጠጠሩና የብረት መቆሚያው ሲደመሩ 480 ኪሎ ገደማ ይመጣሉ፤ ያ ሁሉ ያረፈው ከአንድ ካሬ ባነሰ ቦታ ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል የሚሠራው በካሬ 200 ኪሎ ገደማ ታስቦ ስለሆነ፣ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ገንዳውን ግድግዳ ጥግ፣ ከተቻለ ከሥሩ ቢም ባለበት አስጠጉት። የሳሎን መሀል ላይ የሚያምረው ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ገንዳ ካማራችሁ ምድር ቤት ተከራዩ ወይም መሐንዲስ አሳዩ።

ሲሊከኑ ሲቀባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ንጹሕ ሲሊከን ይሁን። ለሻወር ቤት ፀረ ሻጋታ እየተባለ የሚሸጠው መርዝ አለበት። ሲሊከን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ስለሆነ በበጋው ደረቅ አየር ይዘገያል፤ ለመከፋፈያዎቹ ሁለት ቀን፣ ለውጭ ግድግዳው አንድ ሳምንት ስጡት። ቧንቧ እንዲያልፍበት የሚበሳው መስታወት ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ) እንዳይሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቴምፐርድ ከተነካ ዱቄት ነው። ቀዳዳው የሚለካው ቧንቧውን ከመስታወቱ ጋር በሚያገናኘው ማያያዣ አንገት እንጂ በቧንቧው አይደለም። መስታወት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ማያያዣውን ገዝታችሁ በእጃችሁ ያዙ። የማያያዣው ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) ላይ ሲሊከን አትቀቡ፤ በእጅ አጥብቃችሁ ሩብ ዙር ብትጨምሩ ይበቃል።

ሳምፑን ሦስት ቦታ ከፈልኩት። የመጀመሪያው ውሃው የሚያርፍበትና ስፖንጅ ያለበት ነው፣ ሁለተኛው የድንጋዩ፣ ሦስተኛው የፓምፑ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ላይ 55 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ሲኖራቸው የፓምፑ ክፍል 25 ነው። መከፋፈያው 27 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። የዓሣውን ቆሻሻ ለሚያጣራው ባክቴሪያ ማደሪያ ውድ የሴራሚክ ቀለበት መግዛት አያስፈልግም፤ ቢሾፍቱ አካባቢ የሚወጣው ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥራውን ይሠራል። እንደ ሽምብራ ተለቅ ያለውን መርጣችሁ፣ ውሃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡት። የኔ 20 ሊትር ያህል ነው። ነጩን ቀላል ድንጋይ አትውሰዱ፣ ይንሳፈፋል።

የመውረጃ ቧንቧ ሁለት ይሁን። አንዱ ሙሉውን በውሃ ተሞልቶ ያለ ድምፅ የሚወርድ፣ ፍጥነቱ በሳራቺኔስካ (ብዙ ዙር በሚዞር መዝጊያ) የሚስተካከል ነው፤ ሩብ ዙር ብቻ የሚዞረው መዝጊያ ለዚህ አይሆንም፣ አንዲት ፀጉር ስታዞሩት ብዙ ይለወጣል። ሁለተኛው አፉ ከፍ ብሎ ባዶውን የሚቆም ነው፤ የመጀመሪያው በቅጠል ወይም በቀንድ አውጣ ሲደፈን እሱ ያድናችኋል። እሱ ላይ ምንም መዝጊያ አይገጠም። ቧንቧ ሠራተኛው “ለጥንቃቄ” ብሎ ሊገጥምላችሁ ቢሞክር እጁን ያዙት። ፓምፑ ሳጥኑ ላይ በሰዓት 3,000 ሊትር ይላል፤ 1.2 ሜትር ሽቅብ ሲገፋ የሚደርሰው ግን ግማሹ ነው። ለማወቅ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከቧንቧው አፍ ሥር አድርጋችሁ ሰዓት ያዙ፦ በ25 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 1,440 ሊትር ነው። ሻጮች የገንዳው ውሃ በሰዓት አሥር ጊዜ መዞር አለበት ይላሉ። አምስት ጊዜ ለጎልድፊሽ ይበቃዋል፣ ቀሪው የመብራት ሒሳብ ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ።

ፓምፑ ሲቆም ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ከመፍሰሻው ጠርዝ (ውሃው ወደ መውረጃዎቹ ከሚሻገርበት ከንፈር) በላይ ያለው ውሃ ይወርዳል። ሁለተኛውን ነው ማንም የማያነሳው፦ ውሃውን ወደ ላይ ሲገፋ የነበረው ቧንቧ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ፣ ፓምፑ ሲቆም ራሱ መምጠጫ ይሆናል። ቤንዚን ከበርሜል በጎማ እንደሚቀዳው ማለት ነው። የቧንቧው አፍ አየር እስኪያገኝ ድረስ ገንዳውን ወደ ታች ይገለብጠዋል።

የኔ ቧንቧ አፍ ከውሃው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር የተገጠመው፤ ጥልቅ ሲሆን ውሃውን ያማስላል ብዬ። ገንዳው 120 በ50 ነውና እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር 6 ሊትር ናት። አሥሩ 60 ሊትር ይሆናል፤ በቧንቧዎቹና መውረጃዎቹ በቆሙበት የመፍሰሻ ሳጥን ውስጥ የቀረው 4 ሲጨመር 64። ሳምፑስ ምን ያህል ባዶ ቦታ ነበረው? ሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ከ27 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ድረስ 13 ሴንቲ ሜትር አለ፦ 55 በ35 በ13፣ 25 ሊትር። የፓምፑ ክፍል 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚሠራ ቀሪው 20 ነው፦ 25 በ35 በ20፣ 17.5 ሊትር። ድምሩ 42.5። ከ64 ላይ ሲቀነስ የተረፈውን ሳሎኑ ተቀበለው።

የሚያናድደኝ ሞክሬው የነበረ መሆኑ ነው። ፓምፑን ነቅዬ አንድ ደቂቃ ቆምኩ፣ ሳምፑ ትንሽ ከፍ አለ፣ “ይኸው” ብዬ መልሼ ሰካሁት። በቀጭን ቧንቧ 60 ሊትር በአንድ ደቂቃ አይወርድም፤ አምስት ስድስት ደቂቃ ይፈልጋል። ሙከራ ማለት ሶኬቱን ነቅሎ 20 ደቂቃ መቀመጥ ነው፣ በሁለቱም ገንዳ ውሃው እንቅስቃሴው እስኪቆም። ከሥሩ መጥረጊያና ባልዲ ይዛችሁ፣ ሶኬቱም ከደረቅ ቦታ የሚነቀል ሆኖ።

ሻጩ የነገረኝ መፍትሔ ቼክ ቫልቭ፣ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ፣ ነበር፤ የፓምፑ መመሪያም ይህንኑ ይላል። ገጥሜው ነበር። ቼክ ቫልቭ የሚዘጋው ምላሱ ንጹሕ ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው። የአልጌ ክር ወይም የቀንድ አውጣ ቅርፊት ስትገባበት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢያሳልፍ፣ መብራት ለአራት ሰዓት ከጠፋ 24 ሊትር ነው። በዚያ ላይ የፓምፑን ጉልበት ይበላል። የገዛችሁት ካለ አትጣሉት፣ ነገር ግን የለም ብላችሁ አስሉ። ቧንቧው ላይ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚበሳው የ4 ሚሊ ሜትር የአየር ቀዳዳም እንዲሁ ነው። ይሠራል፣ ከዚያ አልጌና ነጭ የኖራ ቅርፊት ይደፍነዋል፣ የደፈነው ቀን ደግሞ አይነግራችሁም።

የምተማመነው በቧንቧው አፍ ከፍታ ብቻ ነው። የቧንቧውን መታጠፊያ (ጎሚቶ) ቆርጬ አፉን ከሚሠራበት የውሃ ወለል 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። አሁን መብራት ሲሄድ 12 ሊትር ከገንዳው፣ 4 ከቧንቧው፣ በድምሩ 16 ይወርዳል፤ ሳምፑ ላይ 26 ሊትር ባዶ ይተርፋል። ቫልቩም ቀዳዳውም ባይሠሩ ወለሉ ደረቅ ነው። ውሃው አይማሰልም ለምትሉ፣ አፉን ወደ ጎን ብታዞሩት ይማሰላል።

ይህን ስታሰሉ ተቃራኒውንም አስሉ። ሁለቱም መውረጃዎች ቢደፈኑ ፓምፑ የራሱን ክፍል እስኪጨርስ ድረስ ወደ ላይ ይገፋል። የኔ ፓምፕ ውሃው 5 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው አየር ይስባል፤ እስከዚያ የሚገፋው 13 ሊትር ነው፣ ላይኛውን ገንዳ 2 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ያነሳዋል። ስለዚህ ከውሃው ወለል እስከ ገንዳው ከንፈር ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ተዉ። የፓምፑ ክፍል ጠባብ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ጠባብነቱ ዋጋ አለው። ከሁለቱም ገንዳ የሚተነው ውሃ የሚጎድለው ከፓምፑ ክፍል ብቻ ነው። በበጋ በቀን እስከ 3 ሊትር ይጎድልብኛል፣ በዚያ ክፍል 3 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ማለት ነው፤ በአራተኛው ቀን ፓምፑ መጮህ ይጀምራል። ሰው ክፍለ ሀገር ሊሄድ ሲል ሳምፑን እስከ አፉ ሞልቶ ይወጣል። ለመብራት መጥፊያ የተተወውን ባዶ ቦታ ያን ጊዜ በላው። የሳምፑ መስታወት ላይ በጥፍር ቀለም መስመር አስምሩ፣ ከሷ በላይ ማንም አይሙላ። ለጉዞ ከሆነ ጎረቤት ይጨምር፣ ወይም ሮቶ ውስጥ እንዳለው ያለ ተንሳፋፊ መዝጊያ በአነስተኛ በርሜል ግጠሙ። በቀጥታ ከቧንቧ መስመር ጋር ግን አታገናኙት፤ ያልታከመ ክሎሪን ይገባል፣ ከተበላሸም የሚያቆመው የለም።

ስለ ኤሌክትሪኩም ሌላ ነገር አለ። ዲቫይደሩ ከሳምፑ በላይ ይሰቀል፣ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይመለስ፤ የሚንጠባጠብ ውሃ ካለ እጥፋቱ ላይ ይወድቃል። ማሞቂያውን የፓምፑ ክፍል ውስጥ አትክተቱ፣ ውሃው ሲጎድል ይጋለጥና ይፈነዳል። መከፋፈያው ከፍታውን በሚጠብቅለት በድንጋዩ ክፍል አስቀምጡት። ለኅዳርና ለታኅሣሥ ሌሊት 300 ዋት እጠቀማለሁ፤ ጎልድፊሽ ብቻ ላለው ጭራሽ አያስፈልግም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባሕር ዳርቻ 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን የሚይዘው አንድ ሊትር ውሃ እዚህ ከ6 ብዙም አያልፍም። በውጭ አገር መመሪያ የተጻፈውን የዓሣ ቁጥር ሩቡን ቀንሱለት። ሳምፕ ክፍት ስለሆነ አየር ያገኛል፤ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ግን ላይኛው ገንዳ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይፈልጋል፣ ቻርጁን በየሳምንቱ እዩት።

ውሃ ስትቀይሩ በርሜል ውስጥ አየር እየነፋችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። ከግድብ የመጣና ከጉድጓድ የተሳበ ውሃ አንድ አይደለም፤ በቦቴ የመጣማ ከየት እንደተቀዳ እንኳ አይታወቅም። መለኪያ ከሌላችሁ በአንዴ ከአምስት አንድ እጅ በላይ አትቀይሩ። ዓሣ ከመክተታችሁ በፊት ውሃው በድንጋዩ ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይዙር፣ በየቀኑም ቆንጠር አድርጋችሁ ምግብ ጣሉበት፤ ባክቴሪያው የሚያድገው የሚበላው ሲያገኝ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ከሆነ ከዚያም ይረዝማል።

በወር አንድ ቀን፣ ስፖንጁን በገንዳው ውሃ በማጥብበት ቀን፣ ሶኬቱን ነቅዬ 20 ደቂቃ እቀመጣለሁ። ውሃው ሳምፑ ላይ የቆመበትን ከፍታ መስታወቱ ላይ ጽፌዋለሁ። ከዚያ ካለፈ ወይ ቧንቧው ተንሸራቷል፣ ወይ ሰው ሞልቶበታል።