ኖርዘርን ተብሎ የተሸጠው ስኪንክ

ቨርጂኒያ የቤት እንስሳት ሱቅ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ተሳቢዎቹ ጋ። ቅዳሜ ሰው ግጥም ባለበት ሰዓት አንድ ሀበሻ አባት ከልጁ ጋ ካርቶን ይዞ መጣና ደረቴ ላይ ስሜን ሲያነብ "አበሻ ነህ እንዴ? እግዜር ነው ያገናኘን!" አለኝ። ካርቶኑ ውስጥ ብሉ ታንግ ስኪንክ አለ፣ ያ ሲደነግጥ ሰማያዊ ምላሱን የሚያወጣው ወፍራም እንሽላሊት፣ ከኛው ሱቅ እኔ በሌለሁበት ሺፍት የተገዛ።

"አገር ቤት እኮ እንሽላሊት በነፃ ግድግዳ ላይ ነው ያየነው፣ እዚህ ከፍዬ ጣቱን ላስታምም?" አለ ሰውየው። እውነቱን ነው፣ የተላጠው ቆዳ ጣቶቹ ላይ ደርቆ እንደ ክር አንቋቸዋል፣ እንደዛ ከቆየ ደም ስለማይደርስ ጣቱ ይቆረጣል።

ልጁ ግን ጎበዝ ነው፣ ሲገዙት በተሰጣቸው የአያያዝ ወረቀት ላይ ያለውን አንድ ሳያጎድል ነው ያደረገው፣ ችግሩ ወረቀቱ ኖርዘርን ለሚባለው የብሉ ታንግ ዓይነት ነው። ኖርዘርን የአውስትራሊያ ስለሆነ የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 ፐርሰንት ይበቃዋል። ይሄኛው የፊት እግሮቹ ጥቁር ናቸው፣ ጭራው ደሞ ረዘም ያለ፣ ኖርዘርን ቢሆን እግሩ ፈካ ያለ ጭራው አጭርና ወፍራም ነበር የሚሆነው፣ ስለዚ የኢንዶኔዥያ ነው፣ እሱ ከ60 እስከ 80 ይፈልጋል፣ እርጥበት ሲያንሰው ነው ቆዳው እንዲህ ጣቱ ላይ የሚደርቀው። አውስትራሊያ ተሳቢዎቿን ለንግድ ወደ ውጭ ስለማትልክ እዚህ ያለው ኖርዘርን እዚሁ የተራባ ነው፣ ውድ ነው፣ የኢንዶኔዥያው ግን ብዙ ጊዜ ከዱር ተይዞ ነው የሚመጣው፣ ጥገኛ ትላትል ምናምን ይዞ፣ ለዛ ነው ሰገራውን እንዲያስመረምሩ የነገርኳቸው።

ለብ ያለ ውሀ ውስጥ ትንሽ አቆየነውና ልጁ ራሱ በእርጥብ ጥጥ ቀስ እያለ አላቀቀው። አንዷ ጣት ግን አልፎባታል፣ እሷን ሀኪም ይያት አልኩ። ከሱ በኋላ የእንጨት ፍቅፋቂውን ጥሎ የኮኮናት ቅርፊት እንዲያነጥፍ፣ እርጥብ ሞስ ያለበት መደበቂያም እንዲያስገባ፣ የሚሞቅበትን ቦታ ደሞ እስከ 100 ፋራናይት አካባቢ እንዲያደርገው በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነገርኩት፣ አባትየው መሀል ላይ "ከኔ ክፍል ይሞቃል ማለት ነው" ይላል።

ማናጀሩ ትንሽ ተጨቃጭቆ የዋጋውን ልዩነት መለሰላቸው። እኔም የቀሩትን አንድ በአንድ አውጥቼ የፊት እግራቸውን ሳይ ሁሉም ጥቁር፣ ሌብሉን ቀይርልኝ ስለው "ኖርዘርን ሲባል ነው እኮ የሚሸጠው" አለኝ፣ እኔም አሁን ደምበኛ ሲመጣ መጀመሪያ እግሩን ነው የማሳየው።