የእናቴ ዳግም አረቄ ኤርፖርት ላይ የቀረበት ምክንያት

ደብረ ብርሃን ላይ አረቄ የማይገባበት ድግስ የለም። ፍራንክፈርት ያለችው እህቴ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ መሆኑን ስትነግረን፣ እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ቪዛዬ ሳይሆን ስለ ጌሾና ብቅሉ ነው።

ቪዛው በጊዜው ወጣ፣ ትኬትም ተቆረጠ። ስለነሱ የምለው የለኝም።

የአረቄውን ነገር ግን ሳልጠይቅ አልሄድኩም። ትኬቱን ወደሸጠልኝ ቢሮ ደወልኩ። «እስከ 5 ሊትር በሻንጣ ይቻላል» አለችኝ ልጅቷ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። የጀርመንን ደንብ ራሴ አነበብኩ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ፣ 17 ዓመት የሞላው መንገደኛ ከ22 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ 1 ሊትር ያለ ቀረጥ ያስገባል። እኔም ይዤ የሄድኩት 1 ሊትር ብቻ ነው። እናቴ ከዳግሙ፣ ሁለት ጊዜ ከወጣው አረቄ፣ ትንሽ በማንኪያ ቀዳችና ክብሪት ለኮሰችበት። ሰማያዊ ነበልባል ሲያወጣ «እሱ ነው» ብላ ሃይላንድ ሞላችልኝ። ክዳኑን በፌስታልና በፕላስተር ጠቀለልነው። ጎኑ ላይ አንድ ጣሳ ንጥር ቅቤ ሸጎጠች።

ኤርፖርት ላይ ሻንጣዬ ተመዝኖ ገባ። ቦርዲንግ ፓሴን ይዤ ልሄድ ስል ስሜ ተጠራ። ፍተሻ ክፍል ስደርስ ሻንጣው ተከፍቷል፣ ሃይላንዷ ጠረጴዛ ላይ ቆማለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አረቄ ነው።»

«አረቄማ አይቻልም።»

5 ሊትር ይቻላል ተብያለሁ አልኩ። ሁለተኛው ፈታሽ መጣ፣ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ፈገግ አለ። «ይቻላል፣ ግን የታሸገ መሆን አለበት» አለ። «ታሽጎ ነበር እኮ፣ አንተ ከፈትከው» አልኩት። ሦስተኛዋ፣ አለቃቸው ትመስለኛለች፣ «የቤት መጠጥ በጭራሽ!» ብላ ደመደመች። ሦስት ሰው፣ ሦስት ሕግ። የተጻፈውን አሳዩኝ ስል ግድግዳው ላይ ያለውን ፖስተር ጠቆሙኝ። ፖስተሩ ላይ ያለው የባትሪና የጋዝ ሥዕል ነው። ቅቤዋን ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ሕጉ አይደለም። ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ለአውሮፕላን ተቀጣጣይ ዕቃ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር፣ ያውም በፋብሪካ እሽጉ ሳይከፈት ብቻ ይጫናል። ከ70 በመቶ በላይ የሆነው ጭራሽ አይጫንም። ሃይላንድ ላይ ደግሞ በመቶኛ አልተጻፈም፣ የእናቴን ክብሪት ማንም ማስረጃ ብሎ አይቀበልም። ይገባኛል። ግን ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር የነገረኝ አንድ ሰው የለም! ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው እኮ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ሊትሩን ነግራኝ እሽጉን ዋጠችው። ፈታሾቹ እርስ በርሳቸው እንኳ አልተስማሙም። በመጨረሻ «ወይ ድፋው፣ ወይ ለሸኘህ ሰው ስጠው» ተባልኩ። አጎቴ ገና መኪና ማቆሚያው ጋ ነበር። ላብ በላብ ሆኜ ወጥቼ ሰጠሁት። ደስታውን መደበቅ እንኳ አልቻለም።

ስለዚህ ሻንጣችሁ አለፈ ሳትባሉ ሸኚያችሁን አታሰናብቱ። በስልክ የተነገራችሁን አትመኑ፣ በጽሑፍ ይላክልን በሉ። አየር መንገድና ጉምሩክን ደግሞ አታምታቱ፣ አንዱ የሚፈራው እሳት ነው፣ ሌላው የሚፈልገው ቀረጥ። አምስቱ ሊትር የጉምሩክ ቁጥር አይደለም። ጀርመን ላይ ከ1 ሊትር ላለፈው ትከፍላላችሁ፣ የልጆቻችሁን ድርሻ ጨምራችሁ መቁጠርም አይቻልም። ሳውዲ ወይም ኩዌት የምትሄዱ ከሆነ ጠብታም አትያዙ። ጠጅ ከ24 በመቶ በታች ስለሆነ የአውሮፕላኑ የ5 ሊትር ገደብ አይነካውም፤ ገና እየፈላ ያለ ጠጅ ሃይላንድ ውስጥ አሽጎ ሻንጣ መክተት ምን እንደሚያመጣ ግን የአክስቴን ልጅ ነጭ ሸሚዞች ጠይቁ።

እኔ ከፍተሻ በኋላ ካለው ሱቅ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ገዛሁ፣ ከነደረሰኙ በታሸገ ከረጢት ሰጡኝ። ፍራንክፈርት ስደርስ፣ ደንቡ ከተፈቀደው በላይ ካልያዝክ በአረንጓዴው መውጫ እለፍ ይላል። እኔ በቀዩ ሄጄ ጠየቅኩ፣ እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ሠራተኛው ጠርሙሱን አየት አድርጎ ተወው። «ሌላስ?» አለኝ። ጣሳውን አወጣሁ። ከኅብረቱ ውጭ የወተት ተዋጽኦ ማስገባት ክልክል ነው ብሎ ወሰደው፣ ግን አልቀጣኝም። በአረንጓዴው ስወጣ ቢይዘኝ ኖሮ ቅጣትም ይከተል ነበር።

እህቴ ስለ አረቄው ምንም አላለችም። የቅቤውን ነገር ግን አሁንም ታነሳዋለች።