ለሐኪሙ ያልነገርኩት ግማሽ

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት

ዛሬ ሌሊት ለሽንት ስነሣ ይህ ሁለተኛዬ ነው። አምና በዚህ ወቅት እስኪነጋ ድረስ አራትና አምስት ጊዜ እነሣ ነበር። ዕድሜዬ 64 ነው፤ ከእኩዮቼ ጋር ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ሳንሳቀቅ እናወራለን፣ ስለዚህኛው ግን አንዳችን ለአንዳችን ትንፍሽ ብለን አናውቅም። ስለዚህ የደረሰብኝን እንደ ደረሰብኝ ልጻፈው።

ሕመሙ የጀመረኝ ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ሽንቴ ቶሎ አልመጣ አለኝ፣ ቀጥሎ እየቆራረጠ መውረድና ከጨረስኩ በኋላም መንጠባጠብ አመጣ። ቅዳሴ ተጀምሮ መውጣት ስለማይገባ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቼ ቅጽሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሜ ማስቀደስ ጀመርኩ፤ ለወንድሜ ልጅ ሠርግ ወደ ደሴ ስሄድም አውቶቡሱን ላለማስቆም ብዬ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አልቀመስኩም። ከሁሉ የከበደኝ ግን ባለቤቴን ላለመቀስቀስ ብዬ መኝታ መለየቴ ነው። እውነቱን ለመናገር የእርሷ እንቅልፍ ሰበብ ሆነልኝ እንጂ፣ ዋናው ምክንያት እንደ ባል መሆን ስላቃተኝ ነበር።

ሐኪም ዘንድ ስቀርብ የሽንቱን ብቻ ተናገርኩ። መርምሮኝ ከፊኛ ሥር የሽንት መውረጃውን ከብቦ ያለው የፕሮስቴት ዕጢዬ ማደጉን፣ ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገር ግን አለመገኘቱን ነገረኝና በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ 0.4 ሚሊ ግራም ታምሱሎሲን አዘዘልኝ። ይህ መድኃኒት በፕሮስቴቱና በፊኛው አንገት ያሉትን ጡንቻዎች በማላላት ለሽንቱ መንገድ ይከፍታል እንጂ ዕጢውን አያሳንስም። ዕጢውን የሚያሳንሰው ፊናስተራይድ ለውጡ እስኪታይ ስድስት ወር ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ በአንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትንና ብርታትን ይቀንሳል። እኔ ግማሹን ደብቄው ስለነበር ሐኪሙ ይህን ሁሉ ለእኔ የሚያመዛዝንበት መንገድ አልነበረውም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽንቴ ተሻለኝ፣ ሌላው ግን እንደነበረ ቀረ። አንድ ምሽት ማንም በማያውቀኝ ሰፈር ወደሚገኝ መድኃኒት ቤት ገብቼ ለስንፈተ ወሲብ የሚወሰደውን ሲልዴናፊል፣ 100 ሚሊ ግራሙን፣ ገዛሁ። ሻጩ ሌላ የምወስደው መድኃኒት መኖሩን አልጠየቀኝም፤ እኔም ኪሴ ከትቼ ለመውጣት ስቸኩል አልተናገርኩም። በዚያው ሌሊት ከአልጋ ስነሣ ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ፤ ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ዕለት የወጣ ነው። ታምሱሎሲን የደም ሥሮችንም በመጠኑ ያላላል፣ ሲልዴናፊልም እንዲሁ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊቴ ድንገት ወረደ።

ባለቤቴ ደሜን እየጠረገች «ምን ወስደህ ነው?» ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ከመውደቄ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያመኝ ይህ ቃሏ ነው።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ አብራኝ ገባች። ሰባት ጥያቄዎች ጠይቆ የሽንት ችግሬን ከ35 ነጥብ 18 ሰጠው፤ መካከለኛ የሚባል ነው። ደረቴን ያመኝ እንደሆነና ናይትሬት የተባለውን የልብ መድኃኒት የምወስድ እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ስንፈተ ወሲብ አንዳንድ ጊዜ የልብ ደም ሥሮች መጥበብ ቀድሞ የሚታይ ምልክት ስለሆነ ስኳሬንና ልቤንም አስመረመረኝ። ከዚያ በኋላ ታምሱሎሲኑን አስቁሞ በየቀኑ የሚዋጥ 5 ሚሊ ግራም ታዳላፊል ጻፈልኝ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን መድኃኒት ለሁለቱም ችግሮች በአንድነት የፈቀደው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ነው። ደም ወደ ብልት እንዲገባ ያግዛል፣ የሽንቱንም ምልክቶች ያቀላል፤ ፍላጎት ከሌለ ግን በራሱ የሚያስነሣው ነገር የለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሴንና ወገቤን አመመኝ፣ ኋላ ግን ተወኝ። ዕጢው አሁንም እንዳለ ነው፤ እኔ ግን ወደ ቀድሞ መኝታዬ ተመልሻለሁ።

ትናንት አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ደውሎ፣ ከብዙ ማመንታት በኋላ የመድኃኒቴን ስም ጠየቀኝ። ደረቱን ሲያመው ከምላሱ ሥር የሚያደርጋት እንክብል እንዳለችው አውቃለሁ። ያቺ እንክብል ናይትሬት ናት፤ ከታዳላፊል ጋር ከተገናኘች የደም ግፊቱን ለሕይወት እስከሚያሰጋ ድረስ ልታወርደው ትችላለች። ስሙን አልነገርኩትም። በመጀመሪያ ቅር አለው፤ ምክንያቱን ሳስረዳው ግን ዝም ብሎ ሰማኝና የራሱን ጭንቀት አንድ በአንድ ይነግረኝ ጀመር። ሐሙስ ጠዋት የልብ ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ እስኪጠራ ድረስ በር ላይ አብሬው እቀመጣለሁ።