ያላለቀስኩበት ለቅሶ

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ስሜት የሚሰጡ ምክሮች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ በውስጣችሁ ያለውን አጥር አፍርሱ፣ የታፈነውን ሁሉ አውጡት፣ ያልተነገረ ሕመም አይድንም ይላሉ። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ቅን ልብ እንዳላቸው አልጠራጠርም፤ በዝምታቸው የተጎዱ ብዙ ሰዎችን አይተው ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ማንም ሰው ያለ ምክንያት አጥር አያጥርም። ስለዚህ ይፍረስ ብሎ ከመጣደፍ በፊት ማንን ከምን ለመጠበቅ እንደታጠረ መጠየቅ ይቀድማል ባይ ነኝ። ይህን አቋም የያዝኩት አባቴ ባረፈ ጊዜ፣ በገዛ ለቅሶዬ ላይ ማልቀስ አቅቶኝ ስለነበር ነው።

በሰው አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን መርዶ እንዴት እንደሚደርሰን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። አገር ቤት ያለው ቤተሰብ የሞትን ዜና በስልክ አይናገርም። ብቻዋን ሆና ብትሰማ ምን ይውጣታል፣ መኪና እየነዳች ቢሆንስ፣ ሥራ ላይ ብትሆንስ ይባልና እዚህ ያሉ የቅርብ ወዳጆች ተፈልገው ይነገራቸዋል፤ እነርሱም በዕድሜ ከፍ ያሉ ሰዎችን ይዘው፣ ሐዘንተኛዋ ሥራ የማትገባበትን ቀን መርጠው፣ ሳይነጋ በር ያንኳኳሉ። እስከዚያች ቀን ድረስ «አባባን አገናኙኝ» ብላ የምትደውል ልጅ «ጸበል ሄዷል፤ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ አይሠራም» እየተባለች ትቆያለች።

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ወዳጆቼ የመጡት አንድ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ነበር። በበሩ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ አንዷ ቡና የሞላ ፔርሙዝ በነጠላዋ ሥር ለመሸሸግ ትታገላለች፤ ከኋላ የቆመው ሰው በፌስታል ዳቦ ይዟል። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ነገሩ ገባኝ። በሩን ከፍቼ ካፖርታቸውን ተቀብዬ ሰቀልኩ፣ ከመኝታ ቤት ወንበር አወጣሁ፣ ሲኒው እንደማይበቃ አይቼ የሻይ ብርጭቆዎችን ማጠብ ጀመርኩ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ እኔ ብርጭቆ አደርቃለሁ። አንዲት እናት እጄን ጨብጠው «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይወጣልሽ!» አሉኝ፤ ደጋግመው አሉኝ። አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌ «ተዉአት፣ ለእሷም ጊዜ አለው» ባይሉልኝ ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

ባህላችን ለሐዘን የሰጠው ቦታ ሰፊ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ በየአካባቢው ልማድ ሙሾ ይወጣል፣ ከዚያም ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያውና ሙት ዓመቱ እየተከታተሉ ይመጣሉ። በአዘቦቱ ቀን የሆዱን በሆዱ ይዞ እንዲኖር የሚጠበቅበት ሰው በዚያ ድንኳን ውስጥ ደረቱን እየደቃ ቢጮህ ማንም አይታዘበውም። ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ፤ የብዙ ሰው ጤና እንደጠበቀም አምናለሁ። ይሁን እንጂ እንባው በተወሰነለት ሰዓት ያልመጣለትን ሰው የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። እንዲህ ያለው ሰው ወይ ልበ ደንዳና ነው፣ ወይ ሟቹን አልወደደውም፣ ወይ ነገ የሚያሳብደውን ነገር ዛሬ አምቆ ይዟል ተብሎ ይጠረጠራል።

ሦስተኛው ጥርጣሬ የባህላችን ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ሐኪሟ ሄለን ዶይች እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣችው ጽሑፍ፣ በጊዜው ያልታየ ሐዘን አንድ ቀን በሌላ መልክ መውጣቱ አይቀርም ስትል ተከራክራለች፤ ሐሳቧም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እንደ ታወቀ እውነት ሲጠቀስ ኖሯል። ጆርጅ ቦናኖ የተባለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ግን ይህን አባባል በመረጃ መፈተሽ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ የትዳር አጋራቸውን ያጡ 205 ሰዎች ከሐዘኑ በፊት ጀምሮ እስከ 18 ወር ድረስ የነበሩበት ሁኔታ ተመርምሮ፣ ግማሽ ያህሉ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ሳያሳዩ ኑሯቸውን እንደቀጠሉ ታየ፤ ዘግይቶ ይፈነዳል የተባለው ሐዘንም እምብዛም አልተገኘም። እነዚህ ሰዎች ሟቾቹን ያልወደዱ፣ ወይም ልባቸው የደነደነ አልነበሩም። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ መሸሸግ አልፈልግም፤ ቢያንስ እብደት እንደማይጠብቀኝ ገባኝ።

እፎይታው ግን ሙሉ አልሆነም፤ ማልቀስ አለመቻልና ስሜትን ማፈን ሁልጊዜ አንድ አይደሉምና። ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት 180 ሴቶች የሚያሳዝንና የሚያስቅ ፊልም እንዲያዩ ተደርጎ፣ ከፊሎቹ ምንም ዓይነት ስሜት በፊታቸው እንዳይነበብ ታዘው ነበር። የታዘዙት ሴቶች ፊታቸውን መግዛት ችለዋል፤ ያደረባቸው ሐዘን ግን አልቀነሰም፤ ልብና የደም ሥሮቻቸው ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ተጨንቀው ሲሠሩ ታይተዋል። እንዲህ ሲባል ማፈን በሁሉም ቦታ እኩል ይጎዳል ማለትም አይደለም። እነኤሚሊ በትለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሥራ፣ የእስያ ባህል እሴቶችን ይዘው ያደጉ ሴቶች ስሜታቸውን ሲገቱ በሰዎች ዘንድ የሚደርስባቸው ጉዳት የአውሮፓን እሴት ከያዙት ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። የእኛ ሰው ተጠንቶ ቢሆን ውጤቱ ከሁለተኞቹ ይልቅ ወደ ፊተኞቹ የሚያደላ ይመስለኛል፤ ይህ ግን የግል ግምቴ ነው።

ግምቴ መነሻ አለው፤ አባቴ። ታናሽ ወንድሙ በሞተ ጊዜ በድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛውን ሲቀበል ዋለ እንጂ ሲያለቅስ ያየው ሰው አልነበረም። በሰልስቱ ማግስት ግን ጓሮ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የወንድሙን ጥቁር ጫማ ሲያስውብ አገኘሁት፤ አፈሩን በጨርቅ ጠርጎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ እስኪያበራ ድረስ ቦረሸው፤ ከዚያ ማሰሪያውን ፈትቶ እንደገና በሥርዓት አሠረው። ጫማውን የሚያደርገው ሰው እንደሌለ ያውቃል። ልጅ ስለነበርኩ ሥራ ፈትቶ ነው ብዬ አለፍኩ። ዛሬ እርሱን ለመሰለ ሰው «አጥርህን አፍርስና አልቅስ» የሚል መካሪ ቢመጣበት ምን ይጠቅመው እንደነበር ለማወቅ ይቸግረኛል። አጥሩ በር ነበረው፤ በሩ ግን በጓሮ በኩል ነበር።

የእኔ አጥር በር እንዳልነበረው ያስታወቀኝ የእንባዬ አለመኖር ሳይሆን ስልኬ ነው። ከመርዶው በኋላ ባሉት ወራት ከአገር ቤት የሚደወልልኝን ስልክ ማንሳት እየተውኩ መጣሁ። የወንድሜ ስም የስልኬ መስኮት ላይ ሲበራ ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ይቆማል፤ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠውና «ሥራ ላይ ነኝ» የሚል መልእክት እልካለሁ። የቴሌግራም የድምፅ መልእክቶቹ ሳይከፈቱ ተደረደሩ። የማማክራት የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለ እንባዬ ብዙ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ በዚህ አጥር ምክንያት ማድረግ የተውሽው ነገር ምንድን ነው ብላ ነው። ጥያቄው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስቲቨን ሄይስ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ካዳበረው የሕክምና ዘዴ የመጣ መሆኑን በኋላ ነገረችኝ፤ በዚያ ዘዴ ዋናው ነገር የሚያስቸግረውን ስሜት ማጥፋት ሳይሆን፣ ስሜቱ እያለም ሰው ከሚወደው ሕይወት እንዳይሸሽ ማድረግ ነው። ስለዚህ ጉሮሮዬ ላይ የሚቆመውን ነገር እንዳልታገለው፣ ስልኩ ሲጠራ ጥቂት ታግሼ ማጤንን ተለማመድኩ፤ ስልኩን ባነሣም ባላነሣም ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ከንቱ ልፋት መስሎ ታይቶኝ እንደነበር እናገራለሁ።

ቀጥላ የሰጠችኝ ሥራ መጻፍ ነበር። ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ሙከራ ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ፣ እጅግ ስላስጨነቃቸው ገጠመኝ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። የሆነውን ነገር ከስሜታቸው ጋር አዋሕደው የጻፉት እንደጨረሱ ይበልጥ ከፍቷቸው ነበር፤ በተከታዮቹ 6 ወራት ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነው። እኔም ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ስለ አባቴ ናፍቆት የምጽፍ መስሎኝ ነበር። ገጹ ላይ የወጣው ግን ቁጣ ነው። «ጸበል ሄዷል» ብለው ያሞኙኝ ቀናት፣ እኔ አባቴን ድኖ እንዲመለስ ስጸልይለት እነርሱ ሰልስቱን አውጥተው እንደነበር፣ ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ሐዘኑ ለእኔ እንደ አዲስ የመጣበት ሁኔታ፤ ይህ ሁሉ በደብተሩ ላይ ፈሰሰ።

አጥሩ የሚጠብቀው እንግዲህ ቤተሰቤን ነበር። በፍቅር የዋሹኝን ሰዎች መቆጣት ነውር ስለመሰለኝ ቁጣውን ዘጋሁበት፤ ቁጣውን ስዘጋ ናፍቆቱም ስልኩም አብረው ተዘጉ። በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ያቺ እናት እንዳሉኝ ባለቅስ፣ ወይም በዘመኑ መካሪዎች ቋንቋ አጥሬን ባፈርስ ኖሮ፣ ቤቱን በሞላው ሰው ፊት የሚወጣው ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል አስቤ አጥሬን አመስግኜዋለሁ። መጥፎ ሥራ አልሠራም፤ የማይገባውን ያህል ቆየ እንጂ።

ወንድሜን የደወልኩለት እኔ ነኝ። ቁጣዬን ስነግረው ብዙ ዝም አለና የማላውቀውን ነገረኝ፦ ስልኬ በጠራ ቁጥር ድንኳኑ ውስጥ «እሷ ናት! እሷ ናት!» ተብሎ ለቀስተኛው ሁሉ ጸጥ ይል ነበር፤ እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወደ ጎረቤት ግቢ ወጥቶ ያነጋግረኝ ነበር። «ብቻሽን ሆነሽ ብትሰሚስ?» አለኝ። «አንተ በስልኩ ነበርክ እኮ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አነሣለሁ። ጉሮሮዬ ላይ የሚቆመው ነገር አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ እንደ ድሮው ግን ስልክ አያስገለብጠኝም። ለአባቴ ጮኼ አላለቀስኩም፤ አላለቀስኩም ብዬም አልጨነቅም።

አሁን የምንከራከረው ስለ ወደፊቱ ነው። እናታችን ዕድሜዋን ያርዝመውና በጤና አለች፤ የማይቀረው ቀን ሲመጣ ግን በዚያው ሰዓት በስልክ እንዲነገረኝ እፈልጋለሁ። ወንድሜ «ቀብሩ በማግስቱ ነው፣ ነግሬሽስ ምን ልትደርሺ?» ይላል። ለቀብር ባልደርስ ለሰልስት እደርሳለሁ፤ እዚህ ቅርብ ካለው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። ሰው ሳይልክብኝ አፉን እንደማይከፍት ምሎ ነበር፤ ባለፈው ስንነጋገር ግን ከነጋሪዎቹ አንዷ የአውሮፕላን ትኬት የምትቆርጥልኝ ሴት ትሁን ወደሚል ሐሳብ መጥቷል። እኔ አልተቀበልኩትም፤ እሱም ገና አልተወውም።