ስንት ጀሪካን አላችሁ?

ደሴ ላለችው አክስቴ "ቅዳሜ ማታ እገባለሁ" ብዬ ነበር። ቅዳሜ ማታ የገባሁት ግን ኮምቦልቻ ነው።

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ደብረ ብርሃን ቁርስ፣ ጣርማ በር ጭጋግ፣ ደብረ ሲና ቆሎ። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ አውቶቡሱ ቆመ። ምን እንደነካው ሾፌሩም አልነገረን፣ ረዳቱም አልነገረን። አምስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ተሰጣን። ካራቆሬንና ከሚሴን በእንቅልፍ አለፍኳቸው። ኮምቦልቻ ስንገባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል። ሾፌሩ "ሐረጎን በጨለማ አልወጣም" ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ተናደድኩ። ሐረጎን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ስለማውቀው ግን ዝም አልኩ።

ስናደድ ሂሳብ እሠራለሁ። 375 ኪሎ ሜትር ገደማ በ15 ሰዓት። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር! ወዲያው ሥራዬ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ ከመሬት ስር የሚያፈተልክ ጋዝ ፍለጋ። ሰው ጋዝ በቧንቧ ይመጣል ሲባል እንደ ጥይት የሚወረወር ይመስለዋል። በትልቁ ቧንቧ ውስጥ የተፈጥሮ ጋዝ የሚሄደው በሰዓት ከ25 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቴክሳስ ከጉድጓድ የወጣ ጋዝ እኔ ምድጃ ላይ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ከእኛ አውቶቡስ ጋር ቢወዳደር ብዙም አይቀድመውም።

እንደ እኛም በየመንገዱ ይቆምለታል። ከቧንቧው ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ሲሄድ ግፊቱ ይደክማል። ስለዚህ በየ65፣ ሲርቅም በየ160 ኪሎ ሜትሩ፣ ኮምፕሬሰር ያለበት ጣቢያ አለ። እዚያ እንደገና ተጨምቆ ይገፋል። ብዙዎቹ ኮምፕሬሰሮች ሞተራቸውን የሚያስነሱት ከሚያሳልፉት ጋዝ ቆንጥረው ነው። የእኛ ረዳት ትርፍ ሰው እየጫነ ለኪሱ እንደሚቆነጥረው መሆኑ ነው።

ያደርኩበትን ሆቴል ስም አልጠራም። አልጋው 900 ብር፣ ትኋኑ በነፃ። ክፍሌ ምድር ላይ፣ ከማዕድ ቤቱ ጎን ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ግድም ሽታ ቀሰቀሰኝ። የበሰበሰ ጎመን የሚመስል ሽታ። ይህን ሽታ ከእናቴ ወጥ በላይ አውቀዋለሁ።

ጋዝ በራሱ አይሸትም ማለት ይቻላል። በእኛ ቧንቧ የሚመጣው ሚቴን የሚባለው ጋዝም፣ እዚህ በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታጋዝም። የሚሸተን ሆን ተብሎ ጠብ የሚደረግበት ሜርካፕታን የሚባል ነገር ነው። ለዚህ ደንብ የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1937 ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን በምትባል ቦታ የሚገኝ ትምህርት ቤት፣ ማንም ሳይሸተው ከወለሉ ስር በተጠራቀመ ጋዝ ፈነዳ። ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አለቁ። ጋዝ ይሽተት የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ወደ ጣሪያ ይወጣል። የሲሊንደሩ ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ በሆዴ ተኛሁና አፍንጫዬን ከማዕድ ቤቱ በር ስር ሰደድኩ። ዘበኛው ያገኙኝ እንዲህ ሆኜ ነው።

"ልጄ፣ ምን ጠፋህ?"

"ጋዝ ይሸታል አባባ።"

"አብሽር፣ የማታው ሽሮ ነው" አሉና በሩን ከፍተው እጃቸውን ወደ መብራቱ ማብሪያ ሰደዱ። ዘልዬ ያዝኳቸው። በጣም ተቀየሙኝ። እንግዳ ሰው በሌሊት እጅህን ሲይዝህ ማን ደስ ይለዋል? ከማብሪያው የምትወጣ ትንሽ ብልጭታ እንደምትበቃ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። በደጁ መብራት ብቻ እያየሁ ሲሊንደሩን ዘጋሁ። በርና መስኮት ከፍተን ሽታው እስኪወጣ ደጅ ቆምን። ብርድ ብርድ ሲለኝ አይተው ጋቢያቸውን አለበሱኝ። እሳቸው በኮት ቀሩ።

በኋላ ኦሞ በጣሳ በጠበጥኩ። ጎማው ከሬጉሌተሩ የሚጋጠምበትን ቀባሁና ሲሊንደሩን ለአፍታ ከፈትኩት። አረፋው ተነፋ፣ ተነፋ፣ ጧ! ጎማውን ያሰሩት በሽቦ ነው። ዘበኛው እንደ ሕፃን ሳቁ። "ድገመው እስቲ" አሉኝ። አልደገምኩትም። ጓሮ ወስደው በከሰል ሻይ አፈሉልኝ።

ጠዋት ሒሳብ ስከፍል የዚያ ሻይ 30 ብር ተደምሮ መጣ። ዘበኛው አንገታቸውን ደፉ። ለባለቤቱ "አዲስ ማሰሪያ ግዛለት" አልኩት። "ኢንሻአላህ" አለኝ። ከዚያ ሽቦውን በፒንሳ ጠበቅ አደረገና ቁርስ ጣደበት።

ሐረጎን በሚኒባስ ወጣን፤ ስለሱ የምለው የለኝም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ደሴ ላይ የባጃጁ ልጅ 200 ብር አስከፈለኝ። አክስቴ ስትሰማ "ለዚች?" ብላ ልጁን ልትከተለው ነጠላዋን አነሳች።

የአክስቴ ሰፈር ስሙ ቧንቧ ውሃ ነው። ግቢው ውስጥ 11 ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ሳሎኗ ጥግ ደግሞ ሲሊንደሯ ቆሟል። ዳንቴል ለብሷል። አናቱ ላይ የላስቲክ አበባ አለ። ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል፣ የሚሞላ ጠፍቶ። "ባዶውን ከማየው ብዬ አስጌጥኩት" አለችኝ።

ብርዱን አትጠይቁኝ። ሚኒሶታ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ የለመድኩ ሰው ደሴ ላይ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። እኛ ጋ የሚበርደው ደጁ ነው፣ ቤቱን ጋዙ ያሞቀዋል። ይህን ስል አክስቴ ቡና እየወቀጠች ነበር።

"ሲያልቅባችሁ ማን ይሞላላችኋል?"

"አያልቅም አክስቴ። በቧንቧ ነው የሚመጣው።"

"እንደ ውሃው?"

"እንደ ውሃው።"

ዘነዘናዋን አቆመች። በሐዘኔታ አየችኝ። "አይ የኔ ልጅ! ስንት ጀሪካን አላችሁ ታዲያ?"

ሳቅኩ፣ ግን ጥያቄው የባለሙያ ጥያቄ ነው። በቧንቧ የሚመጣ ነገር ሁሉ ማጠራቀሚያ ይፈልጋል። የእኛ ጀሪካን መሬት ውስጥ ነው። በሞቃቱ ወራት ሰው ማሞቂያውን ሲያጠፋ፣ ትርፉን ጋዝ ድሮ ነዳጅና ጋዝ ወጥቶባቸው ወደቀሩ ዐለቶች መልሰው ያምቁታል። ብርዱ ሲመጣ ይቀዱታል። ይህን ስነግራት "አያችሁ፣ እነሱም ያጠራቅማሉ!" ብላ ለጎረቤቶቿ አረጋገጠች።

ቡና የመጡት ጎረቤታችን ሼሁ ግን ፍንዳታው ነው ያሳሰባቸው። እውነት ነው፣ ዋናው መስመር ላይ ግፊቱ ከ1000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሊያልፍ ይችላል፤ የመኪና ጎማ 30 ገደማ ነው። ከተማው መግቢያ ላይ ይቀነሳል። ብዙ ጊዜ ሽታውም የሚጨመረው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ቧንቧ ቢጫ ፕላስቲክ ነው፣ ከአክስቴ ጀሪካኖች ጋር አንድ ቀለም። ሰፈር ሲደርስ ይቀነሳል፣ ቤት ሲገባ የአንድ ፒኤስአይ ሩብ ያህል ብቻ ይቀራል። "ይሄ ልጅ ፊኛ ሲነፋ ከዚያ የበለጠ ይገፋል" አልኳቸው። ልጁ ወዲያው ጉንጩን ነፍቶ አሳየን።

ቶና ላይ ደግሞ አንደበቴ አመለጠኝ። ቧንቧው ውስጡ እንዴት ይጸዳል ሲሉኝ፣ "አሳማ እንልክበታለን" አልኩ።

"አስተግፊሩላህ!" አሉ ሼሁ። "በስመ አብ!" አለች አክስቴ። እኩል ነው የወጣው። የቧንቧውን ወርድ የሚሞላ፣ ጋዙ ራሱ ከኋላ የሚገፋው መሣሪያ ነው፤ እየጠረገ ይሄዳል፣ አንዳንዱም ዝገትና ስንጥቅ ይመረምራል። አሳማ የተባለው ሲሄድ ስለሚጮህ ነው ይላሉ። ብዙ አስረዳሁ። ሼሁ ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው "ምግባችሁን በዚያ ነው የምታበስሉት?" አሉኝ። በረካን ሳይጠጡ ሊሄዱ ሲሉ በስንት ልመና ቀሩ።

ሲረጋጉ "እኛም እኮ ኦጋዴን ጋዝ አለን" አሉ። አለን። ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፏል። አክስቴ ዳንቴሉን እያስተካከለች "እሱ ከኔ ሲሊንደር ምን አገናኘው?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ሲሊንደሩን ባጃጅ ላይ ጭነን ከተማውን ዞርን። ፒያሳ፣ አራዳ፣ ሆጤ። "አልገባም።" "ነገ ሞክሩ።" አንዱ ሱቅ ቢኖረውም ዋጋውን ሲነግረን አክስቴ ልጁን በስመ አያቱ ረገመችው። ሦስት ቀን ነበርኩ፣ ሦስቱንም ቀን ዞርን። ለሥራዬ ሰው ይህ ያሳፍራል። ሚኒሶታ ጋዙ አንድ ሰዓት ቢቋረጥ ስልካችን ይጨናነቃል። እዚህ እኔው ራሴ ባዶ ሲሊንደር አቅፌ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጫለሁ።

በአራተኛው ቀን ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ መኪና ተደራርቦ ቆምን። ሽቅብ የሚያቃስት አይሱዙ ነበር። ጭነቱ ሲሊንደር። ገመዱ መሃል የሚታየኝን ያህል ቆጠርኩ፣ 40 ላይ ጠፋኝ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት።

"አክስቴ! ሲሊንደር የጫነ አይሱዙ ሐረጎን እየወጣ ነው። አሁኑኑ ወረፋ ያዢ!"

"ሙሉ ነው ባዶ?" አለችኝ።